ለጳጉሜ ማን ይከፍላል?

ጃንዋሪ ሲገባ፣ የታክስ ወቅት ሲጀምር፣ ውስጥ እግሬን ይበላኛል። ውስጥ እግሩን የበላው ሰው መንገድ አለበት ይባላል፤ እኔ ግን የምሄድበት የለኝም፤ ጡረታ ወጥቻለሁ። በጸጉር ቤቱና በጎማ ቤቱ መሀል የነበረችው ቢሮዬ ዛሬ የስልክ መጠገኛ ሆናለች። ይህን እያወቅሁ ጠዋት ተነስቼ እለብሳለሁ፣ መኪናዬን አስነሳለሁ፣ እዚያው ፕላዛ ሄጄ ፓርክ አደርጋለሁ። ሞተሩን ሳላጠፋ ትንሽ እቆይና ደግሞ እመለሳለሁ። ልጄ "እማዬ፣ ላይክ፣ ለምን ዎክ አታደርጊም?" ትለኛለች። ዎክማ አደርጋለሁ! ሳሎኑን ስዞረው ስዞረው ምንጣፉ ሳስቷል። እኔ መቀመጥ የምችለው ከፊቴ የሰው ደመወዝ ካለ ብቻ ነው። እሱ ከሌለ ወንበሩ ይቆረቁረኛል።

ሥራዬ ይኸው ነበር፤ የሰው ደመወዝ። አዲስ አበባ እያለሁ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። አትላንታ ስመጣ ሚድታውን የሚገኝ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባሁና አንሶላ ማጠፍ ጀመርኩ። አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች የደመወዝ ወረቀታቸውን እያመጡ "ፀዳለ፣ ይሄ ደግሞ ምን ብሎ ነው የቆረጠኝ?" ይሉኛል፤ እኔም አንሶላው ላይ ዘርግቼ አስረዳቸዋለሁ። አንድ ቀን አለቃችን ደረሰብንና "ይሄ ላውንድሪ ነው ወይስ ባንክ?" ብሎ ጮኸ። በማግስቱ የራሱን ወረቀት በኪሱ ሸጉጦ መጣ።

ከዚያ ሳንዲ ስፕሪንግስ የደመወዝ ሥራ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ገባሁ። እዚያ የነበረችው አለቃዬ ጠረጴዛዋ ከጠረጴዛዬ ጋር የተነካካ ሆኖ ሳለ የምታናግረኝ በኢሜይል ነው። "እባክሽ ስትደምሪ ድምፅሽን ቀንሺ" ብላ ጻፈችልኝ። ብድግ አልኩና "እሺ!" አልኳት በጩኸት። እዚያ ብዙ አልቆየሁም።

ሥራውን ሥራ አድርገው ያስተማሩኝ ጋሽ ተክሌ ናቸው። አገር ቤት እያሉ መንገድ ይሠራ በነበረ የጣሊያን ኩባንያ ውስጥ ደመወዝ ከፋይ ነበሩ፤ አትላንታ መጥተው የኛን ሰው ታክስ የሚሞሉባት ያችን ጠባብ ቢሮ ከፈቱ። እኔን ቀጠሩኝ፤ ሲደክማቸው ደግሞ ቢሮዋን ለእኔ አስረከቡኝ።

ጋሽ ተክሌ ደንበኛ ወረቀቱን ሲዘረጋላቸው አያዩትም። በመዳፋቸው ገልብጠው ፊቱን ወደ ታች ያስተኙትና "ከዚህ ደመወዝ ማን ይበላል?" ብለው ይጠይቃሉ። መንግሥት የሚያውቃቸው ልጆች ሁለት ቢሆኑ፣ ሰውዬው መዘርዘር ሲጀምር ጎንደር ያለች አክስት፣ ሐዋሳ የሚማር የወንድም ልጅ፣ የሟች ጓደኛው እናት ሁሉ ይመጣሉ። ታክሱ ላይ አንዳቸውም አይገቡም። "ታዲያ ይሄ ሁሉ ወሬ ምን ያደርግልናል?" እላቸዋለሁ፤ ወረፋው በር ላይ ደርሶ እኔን ያቁነጠንጠኛል። "ቁጥሩን ከመንካትሽ በፊት ማን ላይ እንደሚያርፍ እወቂ" ይሉኛል፤ አይቸኩሉም፣ አይቆጡም።

ከጣሊያኖቹ የቀሩላቸው ሁለት ቃላትም ነበሩ። ሳይቆረጥ ያለውን ደመወዝ ሎርዶ፣ ተቆርጦ እጅ የሚገባውን ኔቶ ይሉታል። "ሎርዶ ማለት ቆሻሻ ማለት ነው" ይሉኛል። "ቆሻሻ ደመወዝ አይበላም፤ ይታጠባል። ለሰው ስትነግሪ የታጠበውን ብቻ ንገሪ።" እኔ ከልብስ ማጠቢያ ስለመጣሁ ይቺ ነገር ቶሎ ገባችኝ።

አንዱን ልማዳቸውን ግን እጠላው ነበር። ደንበኛ ሲቀልድ አይስቁም፤ "እንዴት ማለትህ ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ጨዋታ ያፈርሳሉ! አንድ ታክሲ ነጂ "ጋሽዬ፣ ሚስቴ እኮ እኔን ዲፔንደንት አድርጋ ሞልታኛለች" ብሎ በሳቅ ፍርስ አለ። እኔም አብሬው ፈረስኩ። እሳቸው "እንዴት ማለትህ ነው?" አሉት። ሳቁ ቀነሰ። ደግመው ጠየቁት። ለካስ እውነቱን ነው፤ ሚስትየዋ ራሷ በስልኳ ሞልታ ባሏን እንደ ተጧሪ ከልጆቹ ጋር ደርድራ ልካዋለች! ሲወጣ ወደ እኔ ዞሩና "ሰው የሚያሳፍረውን ነገር በቀልድ ነው የሚያወጣው። መሳቅ ካማረሽ ጠይቀሽ ሳቂ" አሉኝ። እኔ ግን ከሰው ጋር መሳቅ እወዳለሁ። ምክራቸውን ሰምቼ አለፍኩት።

አሁን ወደ ሚካኤል ልምጣ።

ሚካኤል ሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ነርስ ነው። ሚስቱ ሔለን ኬኔሶ ከተማ ውስጥ የልብስ መደብር ታስተዳድራለች፤ ቤታቸውም እዚያው ነው፤ ሁለት ልጆች አሏቸው። ታክሳቸውን በየዓመቱ የምሞላላቸው እኔ ነኝ። የሚካኤል እናት እትዬ ዘውዴ ልጃቸው ገና ፊደል ሳይቆጥር ጣሊያን ሄደው ቀሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ሽማግሌና አሮጊት ሲያጥቡና ሲያጎርሱ ኖሩ። ያሉት ሞሊዜ በምትባል ትንሽዬ ክልል፣ ተራራ ላይ ነው። ጣሊያኖቹ ራሳቸው "ሞሊዜ የሚባል የለም" እያሉ ይቀልዱባታል አሉ። ሚኪን ያሳደገችው አዲስ አበባ አክስቱ ናት፤ በእናቱ ብር። ከዚያ ዲቪ ደረሰውና ወደዚህ መጣ። እናትና ልጅ ለአጭር ጊዜ ከመጠያየቅ በቀር አንድ ቤት ኖረው አያውቁም።

ታክስ ያለቀ ሰሞን ሁለቱም ቢሮዬ መጡ። ሚኪ እናቱ ካሉበት ከተማ አጠገብ ካለ የአረጋውያን ክሊኒክ የሥራ ኦፈር አግኝቷል። ወረቀቱን ዘረጋው። እኔም እንደ ጋሽ ተክሌ ገልብጬ አስተኛሁትና "ከዚህ ደመወዝ ማን ይበላል?" አልኩ።

"እኛው አራታችን፣ እና እማዬ" አለ ሚኪ። "እሷ ጡረታዋ ትንሽ ናት። ጉልበቷም አልቋል። እትዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አብሬያት ልኑር።"

ሔለን ግን እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። "እትዬ ፀዳለ፣ እኔ ክፉ አይደለሁም" አለችኝ። "ግን ልጆች አሉኝ፣ ሞርጌጅ አለኝ። ቁጥሩ ያስኬዳል ካልሽ ነገ ሻንጣዬን ፓክ አደርጋለሁ። አያስኬድም ካልሽ ግን፣ ሲሪየስሊ፣ ይሄ ነገር ሁለተኛ ቤቴ ውስጥ እንዳይነሳ።"

ሚኪ አንገቱን ነቀነቀ። ተስማሙ። የሰው ዕድሜ እኔ መዳፍ ሥር ገባ።

እንደዚያ ሠርቼ አላውቅም። የእትዬ ዘውዴን የድሮ የደመወዝ ወረቀት አስልኬ፣ በስልኬ እያስተረጎምኩ፣ ግብሩን መስመር በመስመር አወጣሁ። አገሩ የራሱን ይወስዳል፤ ጡረታው የራሱን፤ ክልሉ ደግሞ በላዩ ይቀነጥባል፤ ማዘጋጃ ቤቱም እንዳይቀርበት ይቀነጥባል። ሎርዶው ታጥቦ ታጥቦ ሲወጣ አንጀት ይበላል። በሌላ በኩል ደግሞ ለሐኪም ቢል የለም፤ ይሄ ሚኪን ከነነርስነቱ እያስለቀሰ ያለው ኢንሹራንስ የለም። ዴይኬሩ እንደዚህ አገር አንድ ሙሉ ደመወዝ አይውጥም። የቤት ኪራዩማ ኬኔሶ መኪና ማቆሚያ አይከራይበትም። ገቢና ወጪው ወገብ ለወገብ ተያይዘው እኩል ይሄዳሉ። የሚያስፈራው ዊንተሩ ነው፤ ተራራ ነው፣ በረዶ ነው፣ ማሞቂያው ደግሞ እሳት ነው ዋጋው። ኦፈሩ የተጻፈው በወር ነው፤ የቀረውን "በሕጉ መሠረት" ብሎ ዘግቶታል።

እነሚኪ ተመልሰው ሲመጡ እትዬ ዘውዴን በስልክ ስፒከር ላይ አደረግናቸው። ዳቦው፣ ሽንኩርቱ፣ ጋዙ፣ አውቶቡሱ፣ አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። ሴትዮዋ ዋጋ ያውቃሉ! አፋፍ ላይ ያለው ሱቅና ቁልቁል ያለው ሱቅ ያላቸውን ልዩነት ሳይቀር ነገሩኝ። መጨረሻ ላይ ቀስ ብለው፣ "ደግሞ አሥራ ሦስተኛዋም ወር አለች፤ እሷንም ይከፍላሉ" አሉ።

እኔ ምን ትዝ አለኝ? አገር ቤት ሒሳብ ክፍል እያለሁ በየዓመቱ ነሐሴ ሲያልቅ ሠራተኛው መስኮቴ ላይ መጥቶ የሚቀልደው ቀልድ። "ፀዳለ፣ የጳጉሜ ደመወዝ መቼ ነው?" ይላል አንዱ። "ጳጉሜ የጠበል ወር እንጂ የደመወዝ ወር አይደለችም፤ ሂድ ተጠመቅ!" እለዋለሁ። ኢትዮጵያዊ ሆኖ አሥራ ሦስተኛ ወር ሲባል ሌላ ነገር የሚመጣለት ማነው?

"ውይ እትዬ ዘውዴ!" አልኩ። "ለጳጉሜ ደግሞ ማን ይከፍላል!"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሔለን እንኳ የተጣመረ እጇ ተፈታ። ሚኪማ እንባው እስኪፈስ ጠረጴዛውን ይደበድባል። ዘግየት ብለው በስልኩ ውስጥ እትዬ ዘውዴም በስሱ ሳቁ። ወደ ቡና ዋጋ አለፍን።

ቁጥሩ ወጣ። ጸደይም በጋም ያስኬዳል፤ ዊንተሩን ግን አይወጣም። በማሞቂያው ልክ ይጎድላል። ሁለት ጊዜ ሠራሁት፤ ሁለቴም ያው ነው። "ሚኪዬ፣ አያስኬድም" አልኩት። ሔለን ተነፈሰች። ሚኪ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና "እሺ እትዬ" አለ። ሌላ አልጠየቀኝም። ለክሊኒኩ አልመጣም ብሎ ጻፈ።

ከዚያ በኋላ ባለ አንድ ዓርብ ማለዳ ጋሽ ተክሌን ልጠይቅ ልጃቸው ቤት ሄድኩ። እርጅና ተጫጭኗቸው ሶፋ ላይ ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። ላጫውታቸው ብዬ የእትዬ ዘውዴን ጳጉሜ አወራሁላቸው። እኔ ስስቅ እሳቸው አልሳቁም።

"እንዴት ማለቷ ነው?" አሉ።

"ቀልዳቸውን ነዋ ጋሼ! እርስዎ ደግሞ!"

"ጠየቅሻት?"

የጋቢያቸውን ጫፍ ማስተካከል ጀመርኩ።

"ትሬዲቼዚማ" አሉ፤ ያን ቃል ከስንት ዘመን ሥር እንደጎተቱት እንጃ። "ጣሊያን ለሠራተኛው አሥራ ሦስት ደመወዝ ነው የሚከፍለው። አሥራ ሦስተኛዋ ዲሴምበር ላይ፣ ለገናቸው ትገባለች። እኔ ራሴ ለስንቱ ጣሊያን ከፍያለሁ። የአምስት ቀን ጳጉሜ አይደለችም፣ ፀዳለ። ሙሉ ወር ናት።"

ጫማዬን እንኳ በወጉ ሳላስር ወጣሁ። መኪና ውስጥ ሆኜ አንድ ደመወዝ አጥቤ ጨመርኩበት። ዊንተሩን ወጣው። ማሞቂያው ተከፍሎ፣ ለልጆቹ ጫማ ተገዝቶ ሁሉ ተረፈ።

ኬኔሶ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። በሩን የከፈተችው ሔለን ናት። ቆሜ፣ ሳልቀመጥ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሔለን እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሚኪ ያኔውኑ ክሊኒኩ ጋ ደወለ፤ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረና "ምንም አይደል እትዬ" አለኝ። ምንም አይደል! ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ የሰው እናት ነጥቄ እሱ ምንም አይደል ይለኛል?

ለእትዬ ዘውዴ ራሴ ደወልኩ። ይቅርታዬን ሳልጨርስ ተናደድኩ፤ ጠባዬ ነው፣ ሳፍር እናደዳለሁ። "ለምን አላረሙኝም እትዬ ዘውዴ? ስስቅ ለምን 'አንቺ ደንቆሮ፣ ዝም በይ' አላሉኝም?"

"ሚኪ ሳቀ እኮ" አሉ።

"እና ቢስቅስ?"

"በስልክ ሁልጊዜ 'ደህና ነኝ እማዬ' ነው የሚለኝ። እንደዚያ ከልቡ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። እንዴት ብዬ ላቋርጠው?" ቀጥለውም፣ "ኋላ ቁጥሩ አያስኬድም ስትሉ፣ ሰበብ ያገኘም መሰለኝ። ያልፈለገን ልጅ በደመወዝ ልጎትት?" አሉ።

ስልኩን ዘግቼ ቢሮዬን ዞርኳት። ጠባብ ናት፤ ቶሎ ያልቃል ዙሩ። ለሚኪ ያሉትን ሁሉ ነገርኩት፤ ያን ያህል ዕዳ ነበረብኝ። እስከ መጨረሻው ሰማኝና "ሰበብ?" ብቻ አለ።

ከዚያ በኋላ እኔም እንደ ጋሽ ተክሌ ሆንኩ። ሰው ሲቀልድ "እንዴት ማለትህ ነው?" እላለሁ። ደንበኞቼ "እትዬ ፀዳለ ጨዋታ ጠላች" ብለው አሙኝ። ይሙኛ!

በቀጣዩ ዊንተር እትዬ ዘውዴን ስትሮክ መታቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ አንድ ጎናቸው ደከመ። ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው፤ ጣሊያንኛው ጠፋባቸው። ያን ሁሉ ዘመን ሲያወሩት የኖሩት ቋንቋ ጥርግ ብሎ ሄደና አማርኛው ብቻ ቀረ። በዚያች ተራራ ላይ ደግሞ አማርኛ የሚሰማ አንድ ሰው የለም። ነርሶቹ ለሚኪ በቪዲዮ ይደውሉለታል። ሚኪ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ወጥቶ፣ እናቱ "ውሃ" ሲሉ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ከነርሶቹ እንግሊዝኛ የምትሞክረው ደግሞ በጣሊያንኛ ትናገራለች። "ትራሱ ቆረቆረኝ" ለማለት ሦስት ቋንቋ! አንድ ቀን ሲደውሉለት ሥራ ላይ ሆኖ አላነሳም። ቆይቶ ሲደውል እናቱ ተኝተዋል፤ ምን ፈልገው እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቀም።

ከሔለን ጋር ቢሮዬ መጡ። በዚህ ጊዜ ወረቀት አልያዙም።

"እትዬ፣ ቁጥር አንፈልግም" አለች ሔለን። "ቤቱን እናከራየዋለን። ታክሳችንን እንዴት እንደምንዘጋ ብቻ ንገሪን።"

ሌላ ክሊኒክ ተቀብሎታል፤ ከተማው ከፊተኛው ያነሰ፣ ደመወዙም ከፊተኛው ያነሰ። ካልኩሌተሬን ሳብኩ፤ መልሼ ገፋሁት። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነበር። "ከዚህ ደመወዝ ማን ይበላል?" አልኩ።

"እማዬ" አለች ሔለን። መጀመሪያ የጠራችው አማቷን ነው።

ሄዱ። እኔም አንድ የታክስ ወቅት ጨምሬ ቢሮዬን አስረከብኩ። ሰዉ በስልኩ መሙላት ለምዷል፣ ዓይኔም ደክሟል፤ እንዲህ ነው ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው። እውነቱን ለመናገር ግን አያስኬድም የሚለውን ቃል ከአፌ ማውጣት አቅቶኝ ነበር። አያስኬድም ማለት የማይችል ሰው ደግሞ ይህን ሥራ መሥራት የለበትም።

ባለፈው ዲሴምበር እንደ ልማዴ ሳሎኑን እየዞርኩ ስልኬ ጮኸ። ሚኪ ነው።

"እትዬ! ጳጉሜ ገባች!"

በዲሴምበር? ልጁ አበደ እንዴ አልኩ በልቤ። ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት።

"እንዴት ማለትህ ነው?" አልኩት።

"አሥራ ሦስተኛዋ! ደመወዟ ዛሬ ባንክ ገባች! የማሞቂያውን ከፈልን!" ከኋላው ሔለን "ለልጆቹም ቡትስ ገዛን በያት!" እያለች ትጮኻለች፤ ልጆቹ ይንጫጫሉ። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ በስተጀርባ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቀስ ያለ፣ ቃል በቃል እየጎተተ የሚመጣ ድምፅ።

"ለ... ጳጉሜ..." አሉ እትዬ ዘውዴ። ቤቱ ጸጥ አለላቸው። "ለጳጉሜ... ደግሞ... ማን... ይከፍላል!"

ሚኪ ሳቀ። ያን ቀን ቢሮዬ ውስጥ ጠረጴዛ እየደበደበ የሳቀውን ሳቅ፣ አሁን እናቱ አጠገብ ሆኖ ሳቀው። እሳቸውም በስሱ አብረውት ይስቃሉ። ልናገር የፈለግሁት ብዙ ነበር። ግን እንዴት ብዬ ላቋርጠው? ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩና እስኪጨርሱ ሰማኋቸው።